የአራስ ቤት መረዳዳትና ለትምህርት ሥራ ያለው ትርጉም

መግቢያ

ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለእናትና ለልጅ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ፣ በገጠርም ሆነ በከተማ፣ አንዲት እናት ጨቅላ ልጇን ብቻዋን አታሳድግም። ከጎኗ እናቷ፣ አማቷ፣ እህቷ፣ ጎረቤቷና የማኅበር ጓደኛዋ አሉ። እነዚህ ሴቶች የሚሰጡት እርዳታ በመዝገብ አይሰፍርም፤ ደመወዝ አይከፈልበትም፤ በዕቅድ ሰነድ ውስጥም በጀት አይያዝለትም። ዳሩ ግን እርዳታው የተቋረጠ ዕለት ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። ጉድለቱ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱም የመማሪያ ክፍል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጨቅላ ሕፃናት እናቶች የዕለት ኑሮ ምን እንደሚመስል፣ በመካከላቸው ያለው መረዳዳት በምን ሥርዓት እንደሚሠራና ይህ መረዳዳት በሚሳሳበት ጊዜ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት ነው። በመጨረሻም ትምህርት ቤት በዐቅሙ ሊወስዳቸው የሚችሉ ጥቂት እርምጃዎች ይጠቆማሉ።

ሀ. የአራስ ቤት ሥርዓት

የአራስ ቤት ዝግጅት የሚጀምረው ከወሊድ በፊት ነው። እርግዝናው ሲገፋ ለገንፎ የሚሆን ገብስ ይፈተጋል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ ለአጥሚት የሚሆን አጃ ይዘጋጃል፤ ቅቤ ይጠራቀማል፤ ተልባና ማር ይፈለጋል። በብዙ አካባቢ የመጀመሪያ ልጇን የምታረግዝ ሴት ወደ እናቷ ቤት ሄዳ መውለዷ የተለመደ ነው። የዚህም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ልምድ የሌላት እናት ከሁሉ ይልቅ የምትፈልገው በጎደለው ሁሉ ያለ ይሉኝታ ልትጠይቃት የምትችል ሴት ነችና።

ምጥ በጀመረ ጊዜ በክርስቲያኑ ዘንድ የተሰበሰቡት ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይማጸናሉ። ልጁ ሲወለድ እልልታ ይሰማል፤ በብዙ ስፍራ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ይባላል፤ ቁጥሩ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከዚያም ገንፎ ይገነፋል፤ በመካከሉ ቅቤና በርበሬ ተደርጎ ሴቶቹ በአንድነት ይቀምሱታል። ይኸው ምግብ በትግራይ ገዓት፣ በኦሮምኛ ማርቃ ይባላል። ጠያቂዎችም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ በየቀኑ ይመጣሉ። በእስልምና ተከታዮች ዘንድ በሰባተኛው ቀን ዓቂቃ ይታረዳል፤ አርባው ቀንም የእረፍት ጊዜ ሆኖ ይጠበቃል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ እናቲቱም እስከዚያ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ለሴቷ የክርስትና እናት፣ ለወንዱ የክርስትና አባት ይሰየማሉ፤ በዚህም የሕፃኑ አሳዳጊዎች ቁጥር በአንድ ቤት ይጨምራል።

ይህን ሥርዓት እንደ ባህል ጌጥ ብቻ መመልከት ስሕተት ነው። እያንዳንዱ ልማድ የሚያከናውነው ተግባር አለው። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ሳሙና ወይም ጥቂት ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ በመሆኑም የእናቲቱ ምግብ ከአንድ ቤት ጎተራ ብቻ የሚወጣ አይሆንም። አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለው ልማድ በብዙዎች ዘንድ ከዓይነ ጥላና ከመሳሰለው ፍርሃት ጋር ይያያዛል፤ በተግባር ግን ደም መፍሰስ ወይም ትኩሳት ቢነሣ የሚያይ ሰው በአጠገቧ አለ ማለት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ የሚችል መሆኑ ሲታሰብ የአንዲት ጎረቤት በቤት መገኘት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይታወቃል። አጥሚቱና ገንፎው ኃይል ሰጪ ምግብ ናቸው። የአርባ ወይም የሰማንያ ቀን ገደቡም ለእናቲቱ ከከባድ ሥራ የምትርቅበትን ጊዜ በሃይማኖት ሥልጣን ያስከብርላታል።

እርግጥ ነው፣ ይህ እረፍት ለሁሉም እኩል አይደርስም። ዘመድ በሌላት፣ ባሏ በራቃት ወይም አዝመራ በደረሰባት ቤት እናቲቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምጣድ ጥዳ፣ እንስራ ተሸክማ ትታያለች። ሥርዓቱ የሚጠብቀው በመጀመሪያ ደረጃ ሰው ያላትን ሴት ነው።

ለ. ከአራስነት በኋላ ያለው ዕለት

ጠያቂ ሲቀንስና እናት ወይም አማት ወደ ቤቷ ስትመለስ ዋናው ፈተና ይጀምራል። በገጠር የምትኖር እመጫት ቀን የሚጀምረው ከንጋት በፊት ነው። ሕፃኑን አጥብታ በአንቀልባ ታዝላለች፤ እሳት ታያይዛለች፤ ውኃ ትቀዳለች፤ ቡሆዋን አይታ እንጀራ ትጋግራለች፤ ለእርሻ ሰው ምሳ ታደርሳለች፤ ማገዶ ትለቅማለች፤ በየመካከሉም ታጠባለች። ሕፃን በቀንም በሌሊትም በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ መጥባት ስለሚፈልግ የእናቲቱ ቀን በአጫጭር ክፍሎች የተቆራረጠ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ሕፃን ታዝሎ ሊሠሩ የሚችሉ አሉ፤ የማይቻሉም አሉ። የምጣድ እሳትና ጭስ፣ የውኃ መንገድ ቁልቁለት፣ የፀሐይ ግለት ለሕፃኑ አደገኛ ናቸው።

መረዳዳቱ በዚህ ጊዜ መልኩን ይለውጣል። ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ልውውጥ ይሆናል። አንዷ የሁለት ቤት ውኃ ስትቀዳ ሌላዋ የሁለት ቤት ሕፃን ትጠብቃለች። አንዷ ስትጋግር ለጎረቤቷም ትጨምራለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጎረቤቲቱ ትመልሳለች። ወንዶች በደቦና በወንፈል የሚሠሩትን ሴቶች ስም ሳይሰጡት በየጓዳው ይሠሩታል። «ብድር በምድር» እንደሚባለው ውለታው በጽሑፍ አይያዝም፤ ነገር ግን አይረሳም። ደጋግማ ተቀብላ ያልመለሰች ሴት በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣላት ሰው ያንሳል።

በከተማም ልውውጡ አለ፤ መገናኛው ግን ይለያል። በአንድ ግቢ ውስጥ በሚኖሩ ተከራዮች መካከል የቡና ሰዓት ዋናው መድረክ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ድረስ አንዷ የሌላዋን ልጅ ትታቀፋለች፤ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ክትባት ቀን፣ ስለ ጡት መቆጣት ይወራል። በየወሩ በ21 የሚውለው የማርያም ማኅበር፣ ዕቁብና የሴቶች እድርም እናቶችን የሚያገናኙ ሥርዓቶች ናቸው። እድር በመሠረቱ ለሐዘን የቆመ ማኅበር ቢሆንም ድንኳኑ፣ ድስቱና ወንበሩ ለክርስትና ድግስም ያገለግላል። ሆኖም አዲስ የተከራየች፣ ከሌላ አገር በሥራ ዝውውር የመጣች ወይም በባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ቤት በር ዘግታ የምትኖር እናት ወደዚህ ክበብ ለመግባት ጊዜ ይፈጅባታል። ሕፃን ግን ጊዜ አይሰጥም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል የሚጠቅመው ጎረቤቱ አስቀድሞ ለታወቀ ሰው ነው።

ሐ. ዕውቀት የሚተላለፍበት መንገድ

የአራስ ቤት ትምህርት ቤትም ነው። ሕፃን እንዴት እንደሚታቀፍ፣ ጡት እንዴት እንደሚጎርስ፣ ልቅሶው የረሀብ ይሁን የሕመም እንዴት እንደሚለይ አዲሷ እናት የምትማረው በማየትና በማድረግ ነው። አስተማሪዎቹ ልምድ ያላቸው ሴቶች ናቸው፤ ትምህርቱም ከሥራው ስላልተለየ አይረሳም። ይህ የትምህርት ዘዴ መምህራን ስለ ተግባራዊ ትምህርት ከሚናገሩት ጋር የሚስማማ ነው።

ነገር ግን በዚሁ መንገድ ጠቃሚውም ጎጂውም ዕውቀት እኩል ይተላለፋል። በወሊድ ማግሥት የሚገኘው እንገር ወፍራምና ቢጫ በመሆኑ «የቆሸሸ ነው» ተብሎ የሚታለብበትና የሚደፋበት ስፍራ አለ፤ ሆኖም እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የበለፀጉበት የመጀመሪያ ምግቡ ነው። ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማላስ፣ እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ለተቅማጥ፣ ለመድማትና ለመመረዝ የሚያጋልጡ ልማዶች ናቸው። ሕፃንን ከብርድና ከሰው ዓይን ለመጠበቅ ሲባል ለወራት በጨለማ ክፍል ማቆየትም ጉዳት አለው። የፀሐይ ብርሃን ያላገኘ ሰውነት ቫይታሚን ዲ በበቂ መጠን ስለማያዘጋጅ ሪኬትስ ለሚባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ ይጋለጣል። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። በጥናቱ 500 የሳንባ ምች የያዛቸው ሕፃናት ከሌሎች 500 ሕፃናት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሪኬትስ የተገኘው በመጀመሪያዎቹ 42 በመቶ፣ በሁለተኛዎቹ 4 በመቶ ላይ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የአራስ ቤት ዕውቀት ይወገድ የሚል አይደለም። አዲሷን እናት የሚያሳምናት በአጠገቧ ያለችው አሮጊት ስለሆነች፣ አዲስ ዕውቀት ወደ ቤት ሊገባ የሚችለው በዚያችው አሮጊት በኩል ነው የሚል ነው። እናቲቱ ብቻ ተመክራ ወደ ቤቷ ስትመለስ አማቷ ቅቤውን አዘጋጅታ ብትጠብቃት ምክሩ በዚያው ይቀራል። ይህ ማለት ትምህርቱ ለአያቶችም መሰጠት አለበት ማለት ነው።

መ. የጤና አገልግሎትና የጎረቤት እጅ

ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በወሊድ ዙሪያ ያለው ሁኔታ እጅግ ተለውጧል። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች መሠረት በጤና ተቋም የተከናወነው ወሊድ በ1992 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. 26 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 በመቶ ነበር። ለዚህ እድገት ትልቅ ድርሻ ያለው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በፕሮግራሙ በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች እየተመደቡ ቤት ለቤት እንዲያስተምሩ ተደርጓል። ከዚያም በ2003 ዓ.ም. ገደማ ጎረቤታሞችን በሠላሳና በአንድ ለአምስት የሚያደራጅ የሴቶች የልማት ቡድን ተቋቋመ። በጤና ጣቢያዎች አጠገብ የእናቶች ማቆያ ቤቶች ተሠሩ፤ ቤታቸው የራቀ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ቀን ሲቃረብ መጥተው ይቆዩባቸዋል። በብዙ ጤና ጣቢያዎችም ገንፎ እንዲገነፋና ቡና እንዲፈላ ተፈቀደ። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ቀላል ቢመስልም ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። ሴቶች ከጤና ተቋም ይርቁ ከነበሩባቸው ምክንያቶች አንዱ በቤት የሚያገኙትን የወገን እንክብካቤ በዚያ አለማግኘታቸው ነበርና።

ይሁን እንጂ ወሊድ ወደ ተቋም ቢሄድም ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ አሁንም በቤት ውስጥ የሚያልፍ ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከወለዱ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙ እናቶች 17 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 34 በመቶ ደረሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት 58 በመቶው የእናት ጡት ብቻ የሚጠቡ ነበሩ። በዕድሜ ሲከፋፈል ግን ከሁለት ወር በታች 74 በመቶ፣ በሁለትና በሦስት ወር 64 በመቶ፣ በአራትና በአምስት ወር 36 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ራሱ ምክንያቱን አይናገርም። ይሁንና አሽቆልቁሎ የሚታየው የጎረቤት እርዳታ የሚሳሳበትና እናቲቱ ወደ እርሻ፣ ወደ ገበያ ወይም ወደ ቢሮ የምትመለስበት ወቅት መሆኑን ልብ ይሏል።

ሠ. ታላቅ እህት

እስካሁን የተገለጸው መረዳዳት በአዋቂ ሴቶች መካከል ያለ ነው። እነርሱ በማይገኙበት ጊዜ ሕፃኑን የሚያቅፍ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። በብዙ ቤት ይህ ሰው የዘጠኝ፣ የአሥር ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ታላቅ እህት ነች።

የዚህ ሂደት አካሄድ ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱ በጠያቂ የተሞላ ስለሆነ ልጅቱ ትምህርቷን አታቋርጥም፤ እንዲያውም በእልልታው ደስ ብሏት ለጓደኞቿ ታወራለች። አያት ወደ ቤቷ ስትመለስ ልጅቱ ማልዳ ውኃ ቀድታ አርፍዳ ትመጣለች። በሚቀጥለው ወር የገበያ ቀን ትቀራለች፤ ምክንያቱም እናቷ ቅቤ ወይም እህል ሸጣ ጨው መግዛት አለባት። አዝመራ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲደርስ ጎረቤቶቹም ሁሉ በየማሳቸው ስለሚሆኑ ልውውጡ ይቆማል፤ ልጅቱም ለተከታታይ ሳምንታት ትቀራለች። በመጨረሻም በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ታመጣለች፤ «አልሆነላትም» ተብሎ በቤት ትቀራለች። በስም መጥሪያው ላይ የሚጻፈው «ያለ ፈቃድ ቀረች» የሚል ብቻ ነው። ከዚያ አጭር ሐረግ በስተጀርባ አንድ ሕፃን እንዳለ መዝገቡ አይናገርም።

በዚህ ጉዳይ እናቲቱን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ያላት ምርጫ ሕፃኑን ብቻውን መተው፣ አዝመራውን መተው ወይም ልጅቱን ማስቀረት ነው። ከሦስቱ ጉዳቱ ዘግይቶ የሚታየው ሦስተኛው ስለሆነ ትመርጠዋለች። ልጅቱም ሥራውን በፍቅር ትሠራለች፤ ከእርሱም ትማራለች። ችግሩ ሥራው መኖሩ ሳይሆን በአንዲት ልጅ ላይ ብቻ መውደቁና የሚወስደው ሰዓት የትምህርት ሰዓት መሆኑ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ሃምሳው ሲበተኑ ሎሚው ሁሉ የሚቀረው በታላቅ እህት ጀርባ ላይ ነው። ወንድሞቿ በዚሁ ዕድሜ ከብት በመጠበቅ የሚቀሩ ቢሆንም ሕፃን እንዲይዙ መጠየቃቸው እምብዛም ነው።

ረ. እናት የሆነች መምህርት

ጉድለቱ ከመምህሩ ጠረጴዛ በኩልም አለ። አንዲት ወጣት መምህርት ከተወለደችበት ወረዳ ርቃ ስትመደብ እናቷ፣ እህቷና የልጅነት ጎረቤቶቿ አብረዋት አይሄዱም። በአዲሱ ቦታ ውለታ ያላስቀመጠች ስለሆነች የምትጠይቀው ውለታም የላትም። በቀድሞው ሕግ ለመንግሥት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ፈቃድ ይሰጥ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ከወሊድ በኋላ ያለውን ወደ 90 ቀን ከፍ አደረገ፤ ለአባትም 10 የሥራ ቀናት ሰጠ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኞቻቸው ሕፃናቶቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ስፍራ እንዲያቋቁሙ ደነገገ። ይህ ከፍተኛ እርምጃ ነው። ነገር ግን 90 ቀን ሦስት ወር ነው፤ የጡት ብቻ ምክር ስድስት ወር ነው። በመካከል የሚቀረውን ሦስት ወር የሚሞላው ሞግዚት የመቅጠር ዐቅም፣ የጎረቤት ፈቃደኝነት ወይም ከዘመድ የመጣች ልጅ ነች። የመጨረሻዋም ራሷ ከሌላ ትምህርት ቤት የቀረች ልጅ ልትሆን ትችላለች። በዚህ ዓይነት ስለ ልጃገረዶች ትምህርት የምታስተምረው መምህርት ሳትፈልግ የሌላይቱን ትምህርት የሚያጓድል ሁኔታ ውስጥ ትገባለች።

ሰ. ከትምህርት ቤት ምን ይጠበቃል

ትምህርት ቤት የጎረቤትን ቦታ ሊተካ አይችልም፤ እንዲተካም አይጠበቅም። ሆኖም መረዳዳቱን ሊያጠናክር ወይም ቢያንስ እንዳያዳክም ሊያደርግ ይችላል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም።

1. የቀሪ ተማሪን ምክንያት መመዝገብ። የክፍል ኃላፊው መምህር «ቀረች» ብሎ ከመጻፍ አልፎ በቤት ውስጥ አራስ ወይም ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን መኖሩን ቢጠይቅና ቢመዘግብ፣ ትምህርት ቤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ የችግሩን ስፋትና ወቅት ያውቃል። ዕቅድ አውጪም ከዚህ መዝገብ ይነሣል። መጠይቁ ግን ለመርዳት እንጂ ለመቅጣት መሆን የለበትም፤ አለበለዚያ እውነቱ ይደበቃል።

2. እናቶችን በጊዜ ማነጋገር። በወላጅ፣ መምህርና ኅብረት ስብሰባ ብዙ ጊዜ የሚገኙት አባቶች ናቸው። የአራስን ቤት ጥየቃ ባህል መሠረት በማድረግ አንዲት መምህርት ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሄዳ ብትጠይቅ፣ ከአያት መመለስ በኋላ ሕፃኑን ማን እንደሚይዝ በፍቅር መነጋገር ይቻላል። ንግግሩ የሚጠቅመው ልጅቱ ከመቅረቷ በፊት ሲሆን ነው።

3. ተራ እንዲኖር ማገዝ። ሦስት ወይም አራት ጎረቤታም እናቶች በአዝመራና በገበያ ቀን በየተራ የሕፃናት መጠበቂያ ቤት ቢወስኑ ለእያንዳንዷ በሳምንት የሚደርሳት አንድ ቀን ያህል ነው። ተራውን የሚወስኑት እናቶቹ ራሳቸው መሆን አለባቸው። ከላይ የታዘዘ ተራ የግዴታ ሥራ ይመስላል፤ አዛዡ ሲርቅም ይቆማል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ንጽሕናና ስለ አደጋ ምልክቶች ልትመክራቸው ትችላለች።

4. የጎልማሶች ትምህርት ሰዓትን ከእናቶች ቀን ጋር ማስማማት። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስገኘው ልምድ አንዱ፣ ሕፃን የያዘች እናት ልትማር የምትችለው ሰዓቱና ቦታው ሲመቻት መሆኑን ማሳየቱ ነው። በመማሪያ ስፍራው ጥላ ያለው፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት የሕፃናት ማቆያ ቢኖርና ተማሪዎቹ በየተራ ቢጠብቁ መረዳዳቱና ትምህርቱ ይደጋገፋሉ።

5. በክፍል ውስጥ ማስተማር። ስለ እንገር፣ ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ፀሐይ ብርሃንና ስለ ተጨማሪ ምግብ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ለወንዶችም ለሴቶችም ማስተማር ይገባል። ዛሬ ታናሹን የሚያቅፍ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባት ይሆናል። ወንድ ልጅ ሕፃን መያዝ ነውር እንዳልሆነ በትምህርት ቤት ቢሰማ የእህቱ ሸክም በግማሽ ይቀልላል። ልጅ ለልጅ የሚባለው የማስተማሪያ ዘዴም ይህን ለማድረግ ይረዳል፤ ነገር ግን ዘዴው የሴት ልጆችን የቤት ሥራ በትምህርት ስም የሚያበዛ እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

6. ለምታጠባ መምህርት ቦታና ሰዓት መስጠት። አንድ ንጹሕ ክፍል፣ አንድ ወንበርና የእጅ መታጠቢያ ለመጀመሪያው ይበቃል። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ሲወጣ በየመካከሉ የምታጠባበት ክፍት ሰዓት እንዲኖራት ማድረግ ይቻላል። ሕፃኑ በቅርብ ካልሆነ የታለበ የእናት ጡት ወተት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ፣ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት እስከ አራት ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል ማወቋ ይጠቅማታል። ባልደረቦቿ በፈቃድዋ ወራት ክፍሏን ሲሸፍኑላት፣ እርሷም በተራዋ ስትሸፍን፣ የጓዳው ልውውጥ ወደ መምህራን ክፍል ገባ ማለት ነው።

መደምደሚያ

የአራስ ቤት መረዳዳት ባልተጻፈ ሕግ የሚመራ፣ ብዙ ትውልድ የተሻገረ አገልግሎት ነው። እናትን ይመግባል፣ ሕፃንን ይጠብቃል፣ ዕውቀትን ያስተላልፋል። ድካሙ ደግሞ ዘመድ ለሌላት አለመድረሱ፣ አንዳንድ ጎጂ ልማዶችን አብሮ መሸከሙና ከአርባና ከሰማንያ ቀን በኋላ በፍጥነት መሳሳቱ ነው። የጤና አገልግሎት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ድካሞች ለማስወገድ ብዙ ሠርቷል። ሦስተኛው ግን ከጤና ይልቅ የትምህርት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም በዚያ ክፍተት የምትገባው ተማሪ ነች።

በመሆኑም መምህር ጠዋት ስም ሲጠራ መልስ ያልሰጠችውን ልጅ ስም አልፎ ከመሄዱ በፊት፣ በቤቷ ማን እንደተወለደና አያቷ መቼ እንደተመለሰች ቢጠይቅ ለልጅቱም ለሕፃኑም ይጠቅማል። ዕቅድ አውጪም ስለ ልጃገረዶች የትምህርት ተሳትፎ ሲያስብ ከመማሪያ ክፍልና ከመጻሕፍት ቁጥር ጎን ለጎን ሕፃኑን የሚያቅፈው እጅ የማን እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል። ያ እጅ የብዙ ሰዎች ሲሆን ልጅቱ ደብተሯን ትይዛለች።